አይታይም የተባለው

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። እህቴ ያኔ አግብታ ከሚሴ ትኖራለች። ልጅ አልነበራትምና ወስዳ እንደ ልጇ ያዘችኝ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ጅቡቲ ሲመላለስ ከርሞ ጥቂት ቀን ቤቱ ይገባል፣ ሲገባም ተምር ሳይዝልኝ አይመጣም። አስረኛ ክፍል ስደርስ ከሳ፣ ከሳና ሞተ። ጉበቱን ነው ተባለ። እኔም አመንኩ።

ከዚያ በኋላ እህቴ ገበያው ውስጥ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፈተች። ሽርጥ፣ ሻሽ፣ ሒጃብ ትሸጣለች። አንዷን ደንበኛ በአማርኛ፣ ሌላዋን በኦሮምኛ፣ አንዳንዷን ደግሞ ባንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በሁለቱም ታናግራለች። ዩኒቨርሲቲ ያስገባችኝም፣ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪ እንድቀጥል የገፋፋችኝም እሷ ናት። በየሁለት ወሩ ጨርቅ ለማምጣት ደሴ ትሄድ ነበር። ከሚሴ ውስጥ የሚያከፋፍሉ ነጋዴዎች እያሉ ለምን ደሴ ድረስ እንደምትሄድ ጠይቄያት አላውቅም።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ጥናት ስለ ኤችአይቪ ነበር። ቫይረሱ በሰው ሴል ውስጥ ሲባዛ ፕሮቲኖቹን ባንድ ረጅም ሰንሰለት አያይዞ ያሠራቸዋል። ሰንሰለቱን በየቦታው የሚቆርጥለት ፕሮቲዬዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ሰንሰለቱ ካልተቆረጠ አዲሱ ቫይረስ ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላ ሴል መያዝ አይችልም። የኔ ሥራ ሌሎች ሳይንቲስቶች በኤክስሬይ ያገኙትን የኢንዛይሙን ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ፣ አንደኛው መድኃኒት እንዴት አድርጎ እንደተቀመጠበት መመርመር ነበር።

አንድ የረመዳን ከሰዓት ሱቋ ውስጥ ተቀምጠን አሳየኋት። ገበያው ቀዝቅዟል፤ ላፕቶፑን የጨርቅ ክምር ላይ አስቀመጥኩት። ኢንዛይሙ ሁለት እኩል ግማሾች ያሉት መሆኑን፣ ግማሾቹ በሚገናኙበት ቦታ ጎድጓዳ ክፍተት መኖሩን፣ ከክፍተቱ በላይ እንደ ክዳን የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር መኖሩን ነገርኳት። መድኃኒቱ ሊቆረጥ የመጣ ሰንሰለት መስሎ ይገባል፤ ክዳኑ ይዘጋበታል፤ እሱ ግን አይቆረጥም፤ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ሥዕሉን በጣቴ እያዞርኩ ሳሳያት እሷ ዐይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር።

«ሰውየው መድኃኒቱን ያቋረጠ እንደሆነስ?» አለችኝ።

ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፣ ሲባዛም ይለወጣል አልኳት። ጎድጓዳው ትንሽ ከሰፋ መድኃኒቱ ልክክ ብሎ አይቀመጥም፣ ይላላል፣ ያኔ ሥራው ይበላሻል። የዚህ ዓይነቱን ለውጥ ስክሪኑ ላይ በቀይ ቀለም አድርጌ ነበርና ቀዩን አሳየኋት። እንደ ጥሩ ተማሪ በኩራት ነበር ያስረዳኋት። እሷ፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ አቋርጦ የተመለሰ ሰው ምን ይሆናል ስትል ጠየቀችኝ። እንደ ሰውዬው ነው ብዬ በደፈናው መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ በመጣሁ ቁጥር ስለ ትምህርቴ ትጠይቀኛለች። ለኔ ክብር ብላ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ከጨፋ ሮቢት አንድ የእህል ነጋዴ ሽማግሌ ላከባት። ሚስቱ የሞተችበት፣ ቁጥብ፣ ዲኑን የሚያከብር ሰው ነው። ከሚሴ ሲመጣ ሱቋ ጎራ ብሎ ሽርጥ ሲመርጥ ይቆያል፤ መርጦ ሳይገዛም ይሄዳል። እህቴ እሱ የመጣ ቀን ድምጿ እንደሚለወጥ እኔ አውቃለሁ። እሺ ትላለች ብዬ ስጠብቅ እምቢ አለች። በስልክ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። አርጅቻለሁ አለችኝ። አርባ ዓመቷ ገና ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ ሰውየው ራሱም ቀርቦ አነጋገራት። እሷ ግን፣ አላህ የተሻለች ይስጥህ ብላ ሸኘችው። እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ የሟች ባሏ ነገር አልወጣላት ብሎ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰውየው ዓመት ያህል ጠብቆ ሌላ አገባ።

እሱ ካገባ በኋላ ለአረፋ ስመጣ የዐይኗ ነጭ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤት ሁሉ የወፍ በሽታ ነው ይላል። አንዷ ሰንበቴ ገበያ የሚገኝ ቅጠል አለ ትላለች፤ ሌላዋ የሚያውቅ ሰው አለ ብላ ቀጠሮ ይዛላታለች። እኔ ቅጠል የሚባል ነገር እንዳትቀምሺ ብዬ፣ ነገውኑ ሐኪም ቤት እንድንሄድ ነገርኳት። እሷ ግን ምንም የተጨነቀች አትመስልም። ከዙህር ሰላት በኋላ ሱቁን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«የወፍ በሽታ አይደለም» አለችኝ። «ከምውጠው ነው። ነግረውኛል፣ አይጎዳም ብለውኛል።»

«ምንድን ነው የምትውጪው?»

«አንቺ የምታጠኚውን።»

የመድኃኒቱን ስም ጠራችው። አነጋገሯ እንደ እኛ አስተማሪዎች አልነበረም፤ ግን ያው ነው። እኔ ያንን መድኃኒት ሁለት ዓመት ሙሉ ስክሪን ላይ ሳዞረው ኖሬያለሁ። ዐይን ቢጫ እንደሚያደርግ በጥናቴ መግቢያ ላይ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። የእህቴን ዐይን ሳይ ግን የመጣልኝ የወፍ በሽታ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ሁሉንም ነገረችኝ። ባሏ ሲሞት ተመርምራ አገኘችው። ሰው እንዳያያት ደሴ ሄዳ መድኃኒቱን ጀመረች። ጨርቁን የምታመጣው እግረ መንገዷን ነበር። ለዓመታት ጥሩ ሄደላት። በኋላ ጦርነቱ መጥቶ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቷ አለቀባት፤ ወራት ያህል ሳትወስድ ቆየች። መንገዱ ሲከፈት የቀድሞው አልሠራ ብሎ ወደዚህኛው አዛወሯት። ያን የረመዳን ቀን ቀዩን ቀለም ሳሳያት የራሷን ነገር ያየች መስሏት ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

ተማሪ ነሽ፣ ሐሳብ ይሆንብሻል ብላ መለሰችልኝ። ቆይታ ደግሞ፣ ስለ በሽታው ስትናገሪ በሽተኛው ሩቅ ያለ ሰው ነበር የሚመስለው አለችኝ።

ስለ ጨፋ ሮቢቱ ሰው ጠየቅኳት። ወድጄው ነበር አለች። የሰው ልጅ ገድዬ አላህ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ አለች። የደም ምርመራዋን ውጤት ጠየቅኳት።

«አይታይም ነው የሚሉኝ» አለች። «ሁልጊዜም አይታይም። የሆነ ቦታ ተደብቆ ማለት አይደል? ያልታየ ጅብ ከታየው ይብሳል።»

እጇን ያዝኳት። በሕክምና አይታይም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቀስ ብዬ ነገርኳት። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ፣ ቫይረሱ በደሙ በምርመራ የማይታይ ሰው ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ከሐኪም ጋር እየተማከረች ጤነኛ ልጅም ልትወልድ ትችል ነበር። ከሰውነቷ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት እንዳልሆነ፣ ስለዚህም ማቋረጥ እንደሌለባት ነገርኳት። እሷ ሁለት ጊዜ ደግሜ እንድናገር አደረገችኝ። ሁለተኛውን በኦሮምኛ ነበር የጠየቀችኝ፤ የልቧን ስትናገር ወደዚያ ትሄዳለች።

«ነርሷም እንደዚህ ያለ ነገር ብላኝ ነበር» አለች። «ልታጽናናኝ ነው ብዬ።»

ከዚያ ሻሿን ዐይኗ ላይ ጣል አድርጋ ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ይሄንን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ባወራው ኖሮ። ክዳኑን፣ ጎድጓዳውን፣ ቀዩን ሁሉ ሳወራ፣ መድኃኒቱ ለሚውጠው ሰው ምን እንደሚፈቅድለት አላወራሁም። የጥናቱ ጉዳይ አልነበረማ።

ደሴ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ዐይኗን አይቶ፣ ደሟንም ጉበቷንም አስመርምሮ፣ ቢጫው እንደማይጎዳት፣ ካስቸገራት ግን ሊቀይርላት እንደሚችል ነገራት። ጎረቤት እየጠየቀ ስላሰለቻት ይቀየርልኝ አለች። ከወር በኋላ ዐይኗ ጠራ። ጎረቤቶቿ ቅጠሉ ነው ብለው አመኑ፤ አላረመቻቸውም። አልሐምዱሊላህ ብላ አለፈችው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ዘመዳችን ጨፋ ሮቢት ወልዳ ልንጠይቅ ሄድን። ስንመለስ ሚኒባስ ስንጠብቅ ሰውየው ከሚስቱ ጋር ከእህል መጋዘኑ ሲወጣ አገኘን። ሚስቱ ወጣት ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። እህቴን ሲያይ ቆም አለ፤ «አከም ጅርቱ?» ብሎ በአክብሮት ጤንነቷን ጠየቃት። እሷም ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ለሚስቱ በሰላም ይገላግልሽ ብላ ዱዓ አደረገችላት። ዐይኗ ላይ ምንም አላየሁም።

ሚኒባሱ ውስጥ የመስኮቱን ወንበር ያዘች። እኔ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ልበል ብዬ አፌን ስከፍት እጄን ጫን አደረገችው።

«ደግ ሰው ነው» አለችኝ። «ሚስቱም ደስ የምትል ናት። ተይው።»

ተውኩት። ከሚሴ እስክንደርስ የጨፋን ሜዳ ስታይ ሄደች።