ጢዊ ላይ ያስቆመን ዓሣ

ታሰረ! ኒካው ታሰረ እላችኋለሁ፣ ቃዲውም ፈርሟል!

የማን ጋብቻ? የዙወይና ነዋ፣ የጎረቤቴ የኸልፋን እህት! አባታቸው ባሕር ላይ ሲቀር እሷ አሥራ አምስት፣ ኸልፋን አራት ዓመቱ ነበር። "እሱን ላሳድግ" እያለች የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ መለሰች፤ ቀጥሎ "እሱን ልዳር"፣ ቀጥሎ "ልጆቹን ልያዝለት"። ይኸው አርባ ዘጠኝ ሞላት። ኸልፋን እዚህ ሱር ከተማ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነው።

ትናንት ኒካው ቁረያት፣ አክስታቸው ቤት ነበር፤ አባት ስለሌላት ዳሪዋ ወንድሟ ነው፣ ያለ እሱ አይታሰርም። ቃዲው ከቀትር በኋላ የሚሰገደው የአስር ሶላት እንዳለቀ ለሐጅ ይነሳል። የሙሽራው ዘመዶች ደግሞ "ዛሬ ካልሆነ ይቅርብን" ብለዋል። ኸልፋን ግን ተማሪዎቹን ሳላደርስ አልሄድም አለ! እኔ፣ ምስክሩ፣ ጎኑ ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ።

ልጆቹን አድርሰን በራሱ መኪና ተነሳን። ባሕሩ በቀኛችን ያብረቀርቃል፤ ማን አየው! ቀልሃትን አልፈን ጢዊ ስንቃረብ ከሞተሩ ጭስ ወጣ። ወደ መንደሩ ወርደን መረቡን የሚጠግን ሙሰለም የሚባል ዓሣ አጥማጅ ውሃ ለመንን። ሰጠን፤ ሞተሩም በረደ።

"በሉ ግቡ፣ ምሳ ደርሷል።"

"ወንድሜ፣ እህቴን ልድር እየሄድኩ ነው!" አለ ኸልፋን።

"እንኳን ደስ ያለህ! ታዲያ በባዶ ሆድህ ነው የምትድራት? ወላሂ፣ ዓሣዬን ሳትበሉ ብትሄዱ ሚስቴ የተፈታች ትሁን!"

እኛ ዘንድ እንዲህ ከተማለ አለቀ። ኸልፋን የመኪናውን በር እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ብንሄድ የሰው ትዳር ይፈርሳል፤ ብንቀመጥ የእህቱ ይቀራል። ዓሣው ደግሞ ገና አሁን ፍም ላይ መጣሉ ነው!

ሚስትየው፣ ሱረያ፣ ከጓዳ ወጣች።

"አንተ ሰውዬ! እኔን ማን ጠየቀኝ? ባለፈው ለቆጣሪ አንባቢው ማልክብኝ፣ ዛሬ ደግሞ ለመንገደኛ!"

"እንግዶች ናቸው እኮ..."

"ዝም በል!"

ካልተገላበጠው ዓሣ ገነጠለችና ኸልፋን አፍ ላይ ደቀነችው።

"ጥሬ ነው እኮ፣ እትዬ..."

"የምታኝከው ትዳሬን ነው፤ ዋጥ!"

ዋጠ። እኔም ዋጥኩ፤ እንባዬ መጣ። ሙሰለም "ሩዙስ?" ሲል "ለሩዙ አልማልክም!" ብላ የመኪናውን በር ዘጋችልን።

የፊንስን መንደር እንዴት እንዳለፍን አላውቅም። "የአስር ሶላት ደረሰ?" ይለኛል ኸልፋን። "ገና ነው" እላለሁ። ዋሽቻለሁ፤ አዛኑን ሰምቼዋለሁ።

ቁረያት ስንደርስ ቃዲው ጫማውን አጥልቋል፤ የሙሽራው አጎትም መኪናውን አስነስቷል። ኸልፋን እየሮጠ ገብቶ፣ እንደ ኒካው ወግ፣ የሙሽራውን የሑመይድን እጅ ጨበጠ።

"ከባሕር ነው እንዴ የወጣኸው?" አለ ሑመይድ፣ አፍንጫውን ሸብሽቦ።

"አትጠይቀኝ፣ ዝም ብለህ ጨብጥ!"

ቃዲው በበሩ በኩል ሙሽሪትን "ፈቅደሻል?" አላት።

ጆሮዬን ወደ በሩ ቀሰርኩ።

ያ የለመደችው እምቢታ ሊመጣ ነው ብዬ!

"መጀመሪያ የወንድሜን ድምፅ አሰሙኝ" አለች ከውስጥ።

"እዚህ ነኝ፣ እታለም!"

"እንግዲያው ፈቅጃለሁ።"

ኸልፋን ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሌላም ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፤ ግን የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ሲከፍት በመስኮት አየሁት። እሱ ገና አልሰማም፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሩጥ!