መሐሉ ላይ እሾህ ያለው ብሎን

ኮምቦልቻ ውስጥ ወንድሜ ከፍቶ ያልጠገነው ሬዲዮ አልነበረም። ሁለት እግሮቹ በልጅነት ሕመም ከዱት እንጂ እጁስ ጉድ ያሰኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሱቁ የማደርሰው፣ ጁምዓም መስጊድ የምወስደው አዝዬ ነው። ጢም ያወጣ ሰው በታናሽ ወንድሙ ጀርባ ላይ ሆኖ የመንገደኛ ሰላምታ ሲመልስ ድምፁ እንዴት እንደሚያንስ እኔ ነኝ የማውቀው።

አክስታችን ከዓረብ አገር ስትመለስ ሦስት ጎማ ያለው የኤሌክትሪክ ስኩተር አመጣችለት። ዘመኑ መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ነበርና፣ መብራት ሲመጣ ከሁላችን ቀድሞ ሶኬቱን የሚይዘው እሱ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጁምዓን ብቻውን ሄዶ ብቻውን ሲመለስ እናታችን በር ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔ ጀርባዬ ጡረታ ወጣ ብዬ ቀለድኩ፤ ደስታዬ ግን ከእሱ አያንስም ነበር።

ሰፈራችን ኮብልስቶን ተነጥፎ ነበር። ድንጋዩ ስኩተሩን ሲያንገጫግጨው ከርሞ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ወንድሜ አልደነገጠም፤ ካቻቢቴዎቹን ዘርግቶ ተቀመጠ። የሞተሩ ክዳን የታሰረባቸው ብሎኖች ግን ሌላ ናቸው። ጭንቅላታቸው የኮከብ ቅርጽ ተቆፍሮበት፣ መሐሉ ላይ እሾህ የምታህል ብረት ቆማለች። ካለው ካቻቢቴ አንዱም አልገባም።

ደሴ ወጥቼ ሰኞ ገበያን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ የመሣሪያ ነጋዴ የብሎኑን ሥዕል አገላብጠው አዩና፣ "ልጄ፣ ይኼ እንዳይፈታ ተብሎ የተሠራ ነው። ወላሂ መፍቻው እዚህ አይገኝም" አሉኝ።

"ማን እንዳይፈታው ነው?" አልኳቸው።

"እንጃ፤ ሌባ ይሆናላ።"

ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። የገዛ እግሩን ሊጠግን የተቀመጠ ሰው ሌባ ነው?

ወንድሜ አንዱን ካቻቢቴ በሞረድ ሞርዶ ሞከረ፤ ጫፉ ተሰበረ። ሲመረው ብሎኖቹን በድሪል አፈረሳቸው፤ ክዳኑም አብሮ ተሰነጠቀ። ለካ ብልሽቱ አንድ የተነቀለ ሽቦ ኖሯል። በሬዲዮ መበየጃ ካውያው አጣበቀው፤ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ። ስኩተሩ ተነሣ፣ ሳቅን። የብሎኖቹ ስባሪ ግን ቀዳዳው ውስጥ ቀርቶ ሌላ አላስገባም አለ፤ ክዳኑን በፕላስተርና በገመድ ጠፈርነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በስንጥቁ ሰርጎ ሞተሩን አቃጠለው።

የዚያን ሳምንት ጁምዓ ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ አልታዘለም።

"አንተ ሂድ፣ ይረፍድብሃል። እኔ ዙሁርን እዚሁ እሰግዳለሁ" አለኝ።

በሚቀጥለውም ጁምዓ ጎንበስ አልኩ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሸኘኝ። መታዘልን ድሮ ችሎት ኖሯል፤ ብቻውን መሄድን ከቀመሰ በኋላ ግን አቃተው። የኪራይ ሱቁንም ለአከራዩ መለሰ። መስጊድ በር ላይ "ወንድምህስ?" ይሉኛል። ደህና ነው፣ ሬዲዮ የተበላሸበት ቤት ድረስ ያምጣለት እላቸዋለሁ።