እታለምን ከዛሪማ ያወጣንበት ቀን

ባለፈው መስከረም ወደ ዛሪማ ስወርድ ሚኒባሱ ሊማሊሞ ላይ ቆመ። ከላይ የተንከባለለ ድንጋይ አስፋልቱን ዘግቶታል። ወጣቱ ሹፌር ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ "ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ዶዘር ተጠርቷል፣ አሁን ይነሣል" አለኝ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወርደው ገደሉን ከጀርባቸው አድርገው በስልክ ፎቶ ይነሣሉ። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነቃነቅሁም።

ዕድሜዬ ሃያ ግድም ሳለ፣ እዚሁ ገደል ላይ፣ በዚሁ ወር መንገድ ተዘግቶብኝ ያውቃል።

እኛ የዳባት ሰዎች ነን፤ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ፀሐይ እስኪሞቅ ጋቢ የማይወልቅበት አገር። ታላቅ እኅቴ ትርንጎ፣ እኔ እታለም የምላት፣ ግን ቆላ ተዳረች። ባሏ ሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ቤቱም ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ፣ ከሙቀቱ አገር ዛሪማ ነበር። እናቴ ከሠርጉ ቀን ጀምራ ወባን ትፈራለች። በመስከረም ቆላ የወረደ ደገኛ ደኅና አይመለስም እየተባለ ነው ያደግነው።

እታለም የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። በባህላችን ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ባሏ ለሰሊጡ ሁመራ ሄዶ ስለነበር እናቴ እኔን ላከችኝ። ስንቄን በሶና የገብስ ዳቦ አድርጋ ከሸኘችኝ በኋላ ከበር ጠርታ መለሰችኝ። "ወንዝ ዳር እንዳታድር። አደራህን፣ ይዘሃት ናልኝ" አለች።

በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ ወረድኩ። ደባርቅ ላይ ጉሙ ከግራዋው ቅጠል ይንጠባጠብ ነበር። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር አየሩ ይከብዳል፤ ግራዋው ቀርቶ ቁልቋል፣ ቁልቋሉ ቀርቶ ግራር ይመጣል። ገብሱ ማሽላ ሲሆን ጋቢዬን አውልቄ ከጉልበቴ ላይ አድርጌው ነበር። አገር እንዲህ በግማሽ ቀን ሌላ አገር ሲሆን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ልቤ ግን አልተረጋጋም።

ስደርስ እታለም በዚያ ሐሩር ሁለት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች።

"ይርጋ፣ መጣህልኝ? በረደኝኮ" አለችኝ። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

የጤና ኬላው ሠራተኛ ግንባሯን ዳሰሰና ወደ ውጭ ጠራኝ። "ወባ ነው፤ በርትቶባታል። እኔ ዘንድ ለነፍሰ ጡር የሚሆን መድኃኒት አልቋል። ዛሬውኑ ደባርቅ አድርሳት።"

ወደ ላይ የሚወጣ መኪና አገኘን። አብረውን ከመካነ ብርሃን ዘመድ ጥየቃ ወርደው የነበሩ አንድ ቄስና ለተብርሃን የምትባል ከማይ ጠብሪ የመጣች የማር ነጋዴ ተሳፍረዋል። ዝናቡ ጀመረ። ከዳገቱ ግማሽ በላይ እንደወጣን መኪናው ቆመ። ከፊታችን መንገዱ አልነበረም፤ ናዳው ጠርጎ ገደል ከቶታል።

"ወደ ዛሪማ መመለስ ነው" አለ ሹፌሩ።

"የድሮው የበቅሎ መንገድ በዚህ በኩል ይወጣል" አሉ ቄሱ።

"አባ፣ የታመመች ነፍሰ ጡር ይዞ? በዚህ ጭቃ?" አለ ሹፌሩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ብናዳልጥ ገደል ነው፤ ብንመለስ ደግሞ ታች የሚጠብቀንን አውቃለሁ። የመለሰችው እታለም ናት።

"መድኃኒቱ ላይ ነው አይደል?" አለች በደከመ ድምፅ። "እንግዲያ ምን ታስባላችሁ?"

ቄሱ ከመንገዱ ዳር ቆመው ከታች ወዳለው መንደር "ሸክም አለ፣ ድረሱልን!" ብለው ተጣሩ። ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ መለሰ፤ "ሬሳ ነው?"

"አይደለም! ነፍሰ ጡር ናት!"

የመንደሩ ገበሬዎች እንጨት ተሸክመው እየሮጡ ወጡ። ሹፌሩ የመኪናውን ሸራ ቀዶ ሰጠን፤ ቃሬዛ ተሠራ። ዳገቱን ስንጀምር ቄሱ ከፊት ውዳሴ ማርያም እየደገሙ በመቋሚያቸው የሚረገጠውን ድንጋይ ያሳዩናል። ሰዎቹ ትከሻ እየተቀያየሩ ይሸከማሉ፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ለተብርሃን ማር በውኃ በጥብጣ የእታለምን ከንፈር ታርሳለች፤ "ኣጆኺ ጓለይ" ትላታለች በትግርኛ፣ አይዞሽ ልጄ እያለች።

ወደ ላይ በወጣን መጠን ብርዱ ጨከነ። እታለም የምትንቀጠቀጠው ከወባው ይሁን ከደጋው ብርድ መለየት አቃተኝ። በየጥቂቱ "እታለም!" እላለሁ፤ "አለሁ" ትለኛለች። ከአፋፉ ስር ስንደርስ ጠራኋት፤ ዝም አለች። ደግሜ ጠራሁ። አንዱ ገበሬ "ዝም በል፤ ተሸከም!" ብሎ ጮኸብኝ። ለተብርሃን እጇን ከእታለም አፍንጫ ሥር አስጠግታ ቆየችና ራሷን ነቀነቀች፤ ትተነፍሳለች ማለቷ ነው። ያቺን ያህል የረዘመች ቅጽበት በሕይወቴ አልገጠመችኝም።

ሊመሽ ሲል ደባርቅ ገባን። መድኃኒቱ ተሰጣት። እታለም ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። እናቴ በማግስቱ ከዳባት ደርሳ ሁለታችንንም አቅፋ አለቀሰች።

በጥር መንገዱ ሲጠገን እታለም ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

"ቆላ የልጅ ልጄን በልቶብኝ? አትሄጃትም!"

"እማዬ፣ ደጋስ ቢሆን ሰው አይቀበርበትም?" አለች እታለም። "ቤቴ እዚያ ነው።"

ሄደች። ከዚያ በኋላ የወለደቻቸውን ልጆች ሁሉ እዚያው አሳደገች። ዳባት ሲመጡ ብርዱን አይችሉትም፤ እሳት ዳር ተኮራምተው ስናይ እንስቅባቸዋለን። እኔ ግን መስከረም በጠባ ቁጥር ወደ ታች እያሰብሁ እንቅልፍ አጣለሁ። ለተብርሃንንም፣ እነዚያንም ገበሬዎች ዳግመኛ አላየኋቸውም። ከመካከላቸው ደገኛው ማን፣ ቆለኛው ማን እንደነበር እንኳ በዚያ ጉም ውስጥ አልለየሁም።

ሚኒባሱ ውስጥ እንደተቀመጥሁ ስልኬ ጮኸ። እታለም ናት።

"የት ደረስክ?"

"ሊማሊሞ ላይ ነኝ። ድንጋይ ወድቆ ቆመናል።"

ሁለታችንም አንድ ነገር ማሰባችንን አውቄዋለሁ።

"ገና ከላይ ነህ ወይስ ቁልቁለቱን አጋምሰሃል?"

"አጋምሼዋለሁ፤ ወደ አንቺ ቀርቤያለሁ።"

"እንግዲያ አትጨነቅ" አለችኝ። "ካልተከፈተ ደውልልኝ፤ ሰው እልክልሃለሁ።"