የሙሴ ቶሬ ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው ሱቄ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታጠናለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ለእኔ ካላሳየች ቀኑ አይመሽላትም። "አባባ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ" ብላ አንድ ፎቶ ደቀነችብኝ። ጣልያን አገር ያለ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ያወጣው የጥንት የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ጸሐፊ የናፖሊን መንግሥት ከተማ በከተማ፣ ወንዝ በወንዝ እየዘረዘረ የጻፈው። ቀዩን ርዕስ፣ ወደ ቀኝ ያጋደሉትን ፊደላትና በኅዳጉ ላይ የተሳለችውን ትንሽ ግንብ ሳይ መነጽሬን አውልቄ አበስኩ።

"ይህንን መጽሐፍ አውቀዋለሁ" አልኳት።

ሳቀች። "አባባ ደግሞ። የመኪና ፍሬን ሸራ ሲሸጡ ከዚህ ጋር የት ተገናኛችሁ?"

"ለቅሶ ቤት" አልኳት።

ንጉሡ ሳይወርዱ፣ እኔ ወልድያ ሁለተኛ ደረጃ በምማርበት ጊዜ፣ በትውልድ ከተማዬ በመርሳ ሙሴ ቶሬ የሚባል ጣልያናዊ ነበር። ጣልያን መንገድ ሲሠራ መጥቶ፣ ጣልያን ሲወጣ የቀረ ሰው ነው። እትዬ አሰገደችን አግብቶ፣ ወንዙ ዳር ብርቱካን ተክሎ፣ የናፍጣ ወፍጮ አቁሞ ኖረ። ቁምጣውን ለብሶ ወፍጮው ደጃፍ ሲቀመጥ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ይነጣል። የማሽላ እሸት ሲደርስ እንደ ገበሬው በእጁ አሽቶ ይበላል። አማርኛው የወሎን ዜማ ይዞ ነበር፤ ሴቱን እንደ ወንድ መጥራት ብቻ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

አንዲት ልጅ ነበረችው፣ ማርታ። ወልድያ አብረን እንማራለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለን በስሪንቃ በኩል ወደ መርሳ እንመለሳለን። ነፋሱ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ሲጥለው እኔ አላነሳውም ነበር። ወድጃት ነበር፤ አልነገርኳትም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር እንደ አሁኑ በስልክ የሚላክ አልነበረም።

መጽሐፉን ለሙሴ ቶሬ የላከችለት እህቱ ናት። የጥንቱን ብራና ፎቶ አንስተው እንዳለ ያተሙት ነው። ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ሲቆም ብርቱካኑ ጥላ ሥር ያስቀምጠንና በጣቱ እየተከተለ ያነብልናል። "ይቺ ከተማ ወይኗ ጥሩ፣ ውሃዋ መጥፎ። እዚህ ሐር አለ። የዚህኛው አገር ሰው ኩሩ ነው ይላል፤ ውሸት ነው፣ ድሃ ነው።" ካላብሪያ የተባለው አውራጃ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይወርዳል። በሁለት ከተሞች ስም መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ጥፍሩን ይተክላል። "የእኔ መንደር እዚህ ነው። ጸሐፊው በበቅሎ ሲያልፍ አላያትም።"

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም። በዋናው መንገድ ወደ ውርጌሳ የሚበር ሹፌርም ከመንገዱ ገባ ያለችውን ግራናን አያያትም።

"ይህ ሲጻፍ ጣልያን የሚባል መንግሥት የለም" ይለን ነበር። "ናፖሊ ነበር። እኔ የናፖሊ ሰው ነኝ።" ራሳችንን ነቅንቀን ብርቱካናችንን እንልጣለን። ለልጅ መንግሥት ምኑ ነው?

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ደረቱን አመመው። ሳሉ ከወፍጮው ጩኸት በላይ ይሰማ ጀመር። ከዚያ አገሬን ልየው አለ። እትዬ አሰገደች ብትለምነው እምቢ አለ፤ አሰብ ሄዶ መርከብ ሊሳፈር የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገባ። መጽሐፉን ለማርታ ሰጥቶ "እስክመለስ ያዝልኝ" አላት፣ እንደ ልማዱ እንደ ወንድ። እሷም እየሳቀች ተቀበለችው።

መርከቡን አልተሳፈረም። አሰብ ወደቡ ላይ ሲጠብቅ ሞተ። በዚያ ሙቀት ሬሳ አይቆይም፤ የማያውቁት ሰዎች በዕለቱ ቀበሩት። ወሬውን ያመጣው ያው የወሰደው ሹፌር ነው፤ ያመጣውም ለሼህ ይማም። ሼህ ይማም የቅሬያችን ዳኛ ነበሩ። ቅሬ እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ሆኖ ሙቱን የሚቀብርበት፣ ሐዘንተኛውን የሚደግፍበት ማኅበራችን ነው። ማልደው ሽማግሌ ሰብስበው ለእናትና ልጅ መርዶውን ነገሩ። የማርታን ጩኸት ከቤቴ ሰማሁት።

በእኛ አገር ሰው ሩቅ ሞቶ ሬሳው ካልመጣ ለቅሶው በዕቃው ይቆማል። ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ያለው ሰው ከሆነ በቅሎው ይወጣል፤ አልቃሽ አገሩንና ዘሩን እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። አገሩና ዘሩ ያልተጠራለት ሰው ተለቀሰለት አይባልም። የአካባቢያችን፣ የሀብሩ አልቃሽ ደግሞ እማማ ላቀች ነበሩ፤ እሳቸው አፋቸውን ከከፈቱ ድንጋይም አይችል። ከለቅሶው በፊት ባለው ቀን ሐዘንተኛው ቤት መጥተው ተቀመጡ፤ ንፍሮም አልቀመሱ።

"አገሩ የት ነው?" አሉ።

"ጥልያን" አለች እትዬ አሰገደች።

እማማ ላቀች ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። በወረራው ጊዜ ከአውሮፕላን የተጣለ ቦንብ አባታቸውን ማሳው ላይ ገድሎባቸዋል። "እኔ ጥልያን ብዬ አላለቅስም" አሉ በመጨረሻ። "አባቴን የበላው እሱ ነው። ሰውየው ግን ደግ ጎረቤቴ ነበር፤ ልቅሶዬን አልነፍገውም። ሌላ ስም አምጡልኝ።"

"ሌላ ስም ከየት ይመጣል?" ብላ እትዬ አሰገደች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ማርታ እስከዚያ ጥግ ላይ ተኮራምታ ነበር። "አባቴን አሰብ የቀበሩት ሰዎች ስሙን እንኳ አያውቁም" አለች። "እዚህም አገር እንደሌለው ሊለቀስለት ነው?"

"አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" አሏት ሼህ ይማም። "አላህ ያመላክታል።"

ማርታ ተነሥታ ጓዳ ገባችና መጽሐፉን ይዛ ወጣች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስለማያሳያት ለእኔ ሰጠችኝ። እማማ ላቀች አጠገብ ተንበርክኬ፣ የሙሴ ቶሬ ጣት የሄደበትን መንገድ በራሴ ጣት እየተከተልኩ ስሞቹን አነበብኩላቸው። ብዙውን አልቻልኩበትም፤ የቻልኩትን ሁሉ ግን ጠራሁ። እሳቸው እያንዳንዱን በከንፈራቸው ይሞክሩታል፤ አንዳንዱን "ይቺ አትገጥምም" ብለው ይተዋሉ።

"ናፖሊ" አልኩ።

"ናፖሊ። ይቺ ትሆናለች። ንጉሧ ወግቶናል?"

"የለም እማማ። ጥልያን የሚባል መንግሥት ሳይመጣ የነበረች ናት። እሱም የናፖሊ ሰው ነኝ ይል ነበር።"

ጥቂት አሰቡ። "እንግዲያውስ ይለቀስለታል" አሉና ንፍሮውን ሳቡት።

በማግስቱ ሜዳው ላይ አልጋ ወጣ፤ በላዩ ነጭ ጋቢ ተነጠፈ። ቁምጣውና ባርኔጣው ተቀመጡ፤ በመካከላቸው መጽሐፉ ካላብሪያ ላይ ተገልጦ፣ ጃንጥላ ተይዞለት። ከግራና የመጡ ለቀስተኞች ወንጌል መስሏቸው ይሳለሙት ጀመር። አንዱ ወጣት ሊከለክላቸው ሲል ሼህ ይማም እጁን ያዙት። "ተዋቸው፤ ስሞ የከሰረ የለም።" ከዚያ እማማ ላቀች መካከል ገቡ፤

ከየት ነው አትበሉ የሙሴን አገሩን፣
ባሕር ነው ያጠረው ግራ ቀኙን ዳሩን።
ናፖሊ ተነሺ ማቅሽን ልበሺ፣
ልጅሽ አሰብ ቀርቷል አልመጣም አልቅሺ።

ሴቱ ሁሉ ደረቱን መታ። ማርታ ሄዳ መጽሐፉን ከአልጋው አነሣችና አቅፋው ቁጭ አለች። እማማ ላቀች ግጥሙን ቀጠሉ፤ መሃል ላይ ግን ሙሴ ቶሬን ትተው አባታቸውን መጥራት ጀመሩ። ማንም አላረማቸውም። አንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ድምፅ፣ ለሁለቱም ተለቀሰ። እኔም ያን ጊዜ ማፈሬን ትቼ አለቀስኩ።

ማርታ ኋላ አዲስ አበባ አገባች፤ መጽሐፉንም ይዛው ሄደች። ደጉን ሰው አግብታለች ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። አሁን እሷም የለችም።

በዕቃ ማልቀስ በዚያን ዘመን ብርቅ ነበር። ዛሬ ሐራ በለው፣ መርሳ በለው፣ የሰው ልብስ አልጋ ላይ ያልተዘረጋበት መንደር ፈልጌ አላገኘሁም። ልጆቻችን በጅቡቲ አድርገው ባሕሩን ሊሻገሩ ይወጣሉ፤ የወጣውን ሁሉ ባሕሩ አያሻግርም። የእኔም የመጨረሻው ልጄ ኃይሉ በዚያው ቀርቷል። ተወልዶ ባደገበት በመርሳ ሸሚዙንና ጫማውን ዘርግተን አለቀስንለት። አገሩን መጥራት አላስፈለገም፤ የቆምነው አገሩ ላይ ነው።

የሙሴ ቶሬን ለልጅ ልጄ ስነግራት የኃይሉን አላነሣሁባትም። አጎቷን ትወደው ነበር። ስልኳን ይዛ ስትወጣ ግን ሱቄን ገርበብ አድርጌ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ባሕር የተረፈው የኃይሉ ጓደኛ ሊያጽናናኝ የመጣ ዕለት የተነጋገርነው ትዝ ብሎኝ። ማዕበሉ የተፋውን ሬሳውን አሸዋው ላይ እንደ ቀበሩት፣ የዚያ አገር ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌም ቆመው ዱዓ እንዳደረጉለት ነገረኝ።

"ከየት ነው ብለው አልጠየቁም?" አልኩት።

"ጠይቀዋል።"

"ምን አላችኋቸው?"

"ሐበሻ ነው አልናቸው፣ ጋሼ።"

ሐበሻ ብዙ ነው። የእኔ ልጅ የመርሳ ልጅ ነበር።