ወፍራሙን መጽሐፍ ሳሳጥር

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ጦርነቱ አልፎ ትምህርት ቤታችን እንደገና በተከፈተበት ዓመት፣ አብሮኝ ታሪክ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ዘመዱ የላከለትን አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከአራት መቶ ገጽ በላይ ያለው የጨዋታ መመሪያ ነበር። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። አንዱ ታሪክ ነጋሪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ፣ በዚያ ሰው ልብ ይወስናሉ። ገደሉን ወጣ ወይስ ወደቀ የሚለውን ዕጣ ይፈርደዋል። መጽሐፉ ለዕጣው እየተንከባለለ ቁጥር የሚያወጣ ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይጠይቃል፤ እኛ ያንን ከየት እናምጣ? ሃያ ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፈን ከረጢት ውስጥ ከተትናቸው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ዓሣ ቤት በረንዳ ላይ አራት ሆነን እንቀመጥ ነበር፤ እኔ፣ ጓደኛዬ፣ አንዲት ነርስና አንድ ልብስ ሰፊ። ነጋሪው ሁልጊዜ ጓደኛዬ ነው። በልጅነቱ እስጢፋኖስ ገዳም ቅኔ ተምሯል፤ ቃል የት ላይ እንደሚቆም ያውቃል። ስለ ገደል ሲያወራ ልብስ ሰፊው የወንበሩን ጠርዝ ጭምድድ አድርጎ ይይዝ ነበር። በዚያ ዓመት ማንም የደረሰበትን ማውራት አይፈልግም፤ ሌላ ሰው ሆኖ መናገር ግን ለሁላችንም ቀለለን።

ከአራታችን መጽሐፉን ያነበበው ጓደኛዬ ብቻ ነው። እኛ ከአፉ ነው የተማርነው። ያኔ ይህን ልብ አላልኩትም።

በሁለተኛው ዓመት አርዲቦ አካባቢ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት አንዲት የአማርኛ መምህርት ገበያ መጥታ ጨዋታችንን አየች። ቆማ እስከ መጨረሻው ተከታተለችና፣ “እኛም አምስት አስተማሪዎች ነን። እሁድ እሁድ ግድግዳ ስናይ ነው የምንውለው። ለምን አታስተምሩንም?” አለች።

ጓደኛዬ ወዲያው ደስ አለው። “እንሂድ። አራት አምስት እሁድ አብረናቸው ብንቀመጥ ይይዙታል” አለኝ።

እኔ መንገዱ ታየኝ። አቀበቱ፣ አቧራው፣ የሚባክነው እሁዴ። “ምን አስኬደን? መጽሐፉን አሳጥሬ በአማርኛ እጽፍላቸዋለሁ። ማንም አንብቦ ይጫወታል” አልኩ።

“ምኑን ታስቀራለህ?”

“የማያስፈልገውን።”

“የማያስፈልገውን በምን አወቅኸው? አንድ ገጽ አንብበህ አታውቅም።”

ነገሩ ከነከነኝ። እልህ ይዞኝ ክረምቱን ሙሉ አነበብኩ፣ ቆረጥኩ፣ ተረጎምኩ። የሚገርመው መቁረጡ ደስ ይል ነበር። ስለ ንግግር፣ ስለ ማግባባት፣ ስለ ማስታረቅ የሚያወራው ምዕራፍ ብቻ አርባ ገጽ ነበረው፤ ሰውዬው ምን ይፈራል፣ ምን ይፈልጋል፣ ስንት ጊዜ ይለመናል እያለ ይዘረዝራል። ዝባዝንኬ መሰለኝ። አርባውን ገጽ አውጥቼ በምትኩ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፤ “በሌላው ሁሉ ታሪክ ነጋሪው ይወስናል።” በዚያ ዓረፍተ ነገር ኮርቼ ነበር። የዕጣውን አቆጣጠርና በጨዋታው ውስጥ ያሉትን ነገሮች ስምም ይቅለል ብዬ ለወጥኩት። ሃያ አራት ገጽ ወጣው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በአንድ እሁድ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። እኛ ዓሣችንን እስክንጨርስ ከዳር እስከ ዳር አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ “ለእነሱ ብለህ አይደለም ያሳጠርከው” አለኝ። “ከሰው ጋር መቀመጥ ሰልችቶህ ነው።”

እውነት ስለነበረ ነው መሰለኝ የተናደድኩት። “አንተ ደግሞ ነገሩ ከእጅህ እንዳይወጣ ነው!” አልኩት። “የቆሎ ተማሪ ሳለህ የለመድከው ነው። አሁን በተራህ ደጅ የሚጠናህ ሰው ትፈልጋለህ።”

ነርሷ “ኧረ ተው!” አለች። እሱ ሃያ አራቱን ገጽ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ የራሱን ወፍራም መጽሐፍ ፌስታል ውስጥ ከተተና ሄደ። በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም። ነጋሪ ልሁን ብዬ ሁለት ሳምንት ሞከርኩ፤ ልብስ ሰፊው ሥራ በዛብኝ አለ፣ ነርሷም ቀረች። ጨዋታችን በዚሁ ፈረሰ።

ሃያ አራቱን ገጾች ለመምህርቷ በሰው ላክሁላት። ለመስከረም ሃያ አንዱ የግሸን ማርያም ንግሥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደውላ፣ “መምህር፣ እንደምንም ብለህ አንድ ቀን መጥተህ እየን” አለችኝ። ሄድኩ። የግሸን ተጓዦችን የጫኑ አውቶቡሶች መንገዱን ስለሞሉት ባጃጅ አጥቼ፣ ልሸሸው ፈልጌ የነበረውን አቀበት በእግሬ ወጣሁት።

አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ አምስቱም ተቀምጠዋል። ነጋሪዋ መምህርቷ ናት። እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ መጽሐፌ ብቻውን ሲሠራ ለማየት ስለፈለግሁ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ ለራሴ ነገርኩት። ገጾቹ ውስጥ ያለውን ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መንገደኞች አምባ ሥር ካለ የድንጋይ በር ይደርሳሉ፣ ዘበኛው አላሳልፍም ይላል። በሩን ለመስበርና ገደሉን ለመውጣት ሕግ አስቀምጫለሁ።

ጸጉራቸው የሸበተው የሳይንስ መምህር እጃቸውን አወጡ። “እኔ በር አልሰብርም። ሽማግሌ እልካለሁ። ለመሆኑ ይህ ዘበኛ የማን ልጅ ነው? እናቱ በሕይወት አለች?”

ሁሉም በደስታ ሳቁ። ክፍሉ ሕይወት ዘራ። መምህርቷም እየሳቀች ገጹን ገለጠች። ቀጥሎ ያለውን ገለጠች። ወደ ኋላ መለሰች። ሳቋ እየጠፋ ሄደና ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

“አይቻልም” አለች።

“ለምን አይቻልም?”

“እዚህ ላይ የለም።”

“ወላሂ፣ ሽማግሌ የማይላክበት አገር የት ነው ያለው?”

እንደገና ተሳቀ፤ አሁን ግን በእሷ ነበር የተሳቀው። ሌላው መምህር፣ “ነጋሪው ይወስናል ይል የለም? ወስኚ እንጂ!” አላት።

ፊቷ ቀላ። “እሺ፣ ዘበኛው እምቢ አለ።”

“እንዲያው በደፈናው?”

“እንዲያው።”

ሽማግሌው መምህር ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተበተኑ።

መምህርቷ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። “ወንድምዓለም፣ በምንድን ነው የምወስነው?” አለችኝ።

“እንደመሰለሽ።”

“እንደመሰለኝ ለመወሰንማ መጽሐፍ ምን ይሠራልኛል?”

“ዋናው መጽሐፍ ላይ አለ።”

“ታዲያ ለምን አወጣኸው?”

“ይከብዳል ብዬ።”

“ለማን?” አለችኝ።

ወደ ሐይቅ ስወርድ መልሱን አገኘሁት፤ አገኘሁትና አልጠቀመኝም። ያ ሃያ አራት ገጽ ለእኔ በቂ ነበር። የጎደለውን ሁለት ዓመት ሙሉ ከጓደኛዬ አፍ ሰምቼው ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። እሷ ግን ከገጾቹ ሌላ ምንም አልነበራትም። ለጀማሪ ብዬ የጻፍኩት ለሚያውቅ ሰው ነበር። አዲስ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ሁሌም ካልተጻፈው በኩል ነው የሚመጣው፤ እኔ ደግሞ ለዚያ የሚሆነውን ሁሉ ለይቼ አውጥቼዋለሁ። ስሙንና አቆጣጠሩን ስለለወጥኩትም፣ የእኔን የጨረሰ ሰው ወደ ዋናው ልሻገር ቢል ከሀ መጀመሩ ነው።

መምህርቷ በኋላ ጓደኛዬን ፈልጋ አገኘችው። ሰባት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ያንን ፌስታል ይዞ አርዲቦ እንደተመላለሰ የነገረችኝ ነርሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ተልከዋል። የዘበኛው እናትም ተገኝታለች። ያን በር ብቻ ለማስከፈት ሦስት እሁድ ፈጅቶባቸዋል፤ “እንደዚያ ስቄ አላውቅም” አለችኝ ነርሷ። ለካ እሷም አንዳንዴ ትሄድ ነበር።

ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ የመምህራን ማረፊያ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ። “አብሽር፣ አልፏል” አለኝ። እንደዚያ ያለ “አብሽር” መንገድ ላይ እግርህን ለረገጠህ ሰው የምትለው ነው። ዛሬም ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች እናስተምራለን፤ ሰላምታም አናጓድልም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ልቤን አበርትቼ አርዲቦ ሄድኩ። መምህርቷ በደንብ ተቀበለችኝ፣ ውኃም ሰጠችኝ። አንድ ቦታ ካለ ከእናንተ ጋር ብጫወት አልኳት።

“ሰው ሲበዛ ተራው ይርቃል” አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። “የወጣ ሰው ካለ እደውልልሃለሁ።”

እስካሁን የወጣ የለም።