የደሜን ወይን የገረዘች ሴት

ኮልፌ ወሬ አያድርባትም ይላሉ። ውሸት ነው። ኮልፌ አንድ ወሬ ለዓመታት አሳድራ፣ ከአንዲት ሴት ደብቃ ኖራለች። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ሴትዮዋ ጉዲቱ ትባላለች። ባሏ ደሜ ከጣሊያን በፊት በአንድ አርመን የአትክልት ቦታ ይሠራ የነበረ፣ ለወይን ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነበር። ከዚያ ያመጣትን አንዲት ቁራጭ ጓሮው ተከላት፤ ጸደቀችለት። ከዚያማ ለጎረቤቱ ሁሉ እየቆረጠ አደለ። ከቀራኒዮ እስከ አስኮ መንገድ በየአጥሩ የተንጠለጠለው ወይን ዘሩ ከእሱ ጓሮ ነው። ፍሬው ፀሐይ ላይ ደርቆ ዘቢብ ይሆንና ለቁርባን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። በጋ በመጣ ቁጥር የሰፈሩን ወይን ሁሉ የሚገርዘው ራሱ ደሜ ነው። ሌላ ሰው ማጭድ ካነሳ ይቆጣል። "እኔ ሳልሞት ማን ነው ወይን የሚነካ?" ይላል። ሰዉም እየሳቀ ይተውለት ነበር።

ጣሊያን ሲገባ ደሜ ጠመንጃውን ይዞ በጀልዱ በኩል ዱር ገባ። በሁለተኛው ዓመት አንድ የከብት ነጋዴ የደሜን መሞት ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። መርዶው ከተነገራት ትጮኻለች፤ ከጮኸች ሰፈሩ ይሰበሰባል፤ ለአርበኛ የሚያለቅስ ሰፈር ደግሞ ምን እንደሚደርስበት ያውቃሉ። "ጊዜው ይለፍና እንነግራታለን" ብለው ተለያዩ። ብዙም ሳይቆይ ከጉዲቱ በቀር ያልሰማ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ዓይኗን ይይ? ወደ ምንጭ ስትወርድ ሲያዩዋት እንስራቸውን ሳይሞሉ የሚመለሱ ነበሩ። እሷ የባሏን መሸፈት ፈርተው የሸሿት መሰላት። "ልጆች አላቸው፣ ምን ያድርጉ" ብላ ይቅር አለቻቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ይቅርታዋ ነው። እሷ ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት። ቤቱ ጭር ሲልባት ጓሮ ወጥታ ከወይኑ ጋር ታወራ ጀመር።

የንስሐ አባቷ አባ ሀብተሥላሴ ብቻ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። መርዶ ሊነግሩ ይመጣሉ፣ ስለ ወይን አውርተው ይሄዳሉ።

"ወይኑ እንዴት ነው ልጄ?"

"ቅጠል ብቻ ሆነ አባቴ። የሚገርዘው ሰው የለ።"

"እሱ ያውቃል" ይሉና መስቀላቸውን አሳልመዋት ይወጣሉ። ቄስ ባይሆኑ ኖሮ የምላቸውን አላጣም ነበር።

በ1933 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጣሊያን ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ኮልፌ ደረሰ። ጉዲቱ ደስታዋን የምታካፍለው ሰው አልነበራትም። ጓሮ ወጥታ ወይኑን አየችው፤ አጥሩን ውጦ፣ ጣራው ላይ ወጥቶ፣ አንድ ፍሬ እንኳ የለው። ደሜ ሲመጣ ይህን ሊያይ ነው? አፈረች። ሳያስፈቅደኝ ለምን ነካሽ ብሎ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ! ቁጣውም ናፍቋታል። ብቻ ሲገባ አቆጥቁጦ ይቆየው። ማጭዷን ስላ፣ እሱ ሲያደርግ እንዳየችው፣ ከየቅርንጫፉ ጥቂት እያስቀረች ከማለዳ ጀምራ መቁረጥ ያዘች። እየቆረጠችም ታንጎራጉር ነበር።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ካሳነሽ ባጥር ላይ አዩዋት። ደሜ በሕይወት እያለ ማንም የማይነካውን ወይን ሚስቱ ስትቆርጠው! "አባ ነግረዋታል" አሉና ወደ ሰፈሩ ሮጡ። አባ ደግሞ ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ የነገሯት መሰላቸው፤ ሽማግሌዎቹም አባ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። እፎይ ብለው፣ ተሰብስበው መጡ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ግቢዋን ሞሉት። ጉዲቱ ማጭዷን እንደያዘች ዞር አለች። ያ ሁሉ ሰው በእሷ ግቢ! ፊቷ በራ። ወዲያው ነጠላቸውን አየችና ደነገጠችላቸው።

"ውይ በሞትኩት!" አለች ወይዘሮ ካሳነሽን እየተጠጋች። "እሜቴ፣ ብቻዬን ተቀምጬ ሳልሰማ፤ እኔ ነበርኩ መምጣት ያለብኝ። ማን ሞተባችሁ?"

አባ ሀብተሥላሴ መሬት መሬት ያያሉ። ጉዲቱ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ዞረች፤ ሁሉም ዓይኑን ሰበረባት።

"ማነው?" አለች ደግማ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ከዚያ ማንም ሳይነግራት ማጭዷን አስቀመጠች፤ የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው።