ከዜሮ በታች

ውበቱ ደብረ ማርቆስ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ከማርቆስ ይልቅ ብርዱ በሚከፋባት በደጋዋ ከተማ በሮብ ገበያ ላለው የወይዘሮ ሥራነሽ የድንች ዘር መጋዘን፣ ሙቀት ሲጨምር ማራገቢያ የሚያስነሳ ዕቃ ሠርቶላቸው ነበር። ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። ቺፑ ሲቃጠል ውበቱ ሌላ ዓይነት ቺፕ ገዛና ያንኑ ፕሮግራም ለአዲሱ ቺፕ በተሠራ ኮምፓይለር፣ ማለትም ፕሮግራሙን ቺፑ ወደሚገባው ቋንቋ በሚቀይር ሶፍትዌር፣ አስተርጉሞ ጫነበት።

ከዚያ ወዲህ ዕቃው አበደ። ውርጭ በወረደ ቁጥር ማራገቢያው ይነሳና ድንቹን በብርድ ይገርፈዋል። ማርቆስ ሱቁ አምጥቶ ሲሞክረው ጤነኛ ነው፤ መልሶ ሲወስደው ያብዳል። ምን ዓይነት ጉድ ነው? "አንዲት ፊደል አልነካሁም እኮ!" እያለ ከራሱ ጋር ይጣላል።

በመጨረሻ ጎህ ሲቀድ መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ ዕቃው በሚያሳየው የሙቀት ቁጥር ላይ አፈጠጠ። ሁለት፣ አንድ፣ ዜሮ። ቀጥሎ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት!

ያን ጊዜ ገባው። የድሮው ኮምፓይለር ሙቀቱን ከዜሮ በታችም ይቆጥር ነበር፤ አዲሱ ግን ካላዘዙት ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ዞሮ መጨረሻው ትልቅ ቁጥር ላይ ይወጣል፣ ዕቃውም ውርጩን ሙቀት መስሎት ማራገቢያውን ያስነሳል።

"ምን ሆንኩ ይላል?" አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ መጋዘኑ እየገቡ።

"ከዜሮ በታች ብርድ መኖሩን አያውቅም፣ እትዬ።"

በስስ ጃኬት የሚንቀጠቀጠውን ውበቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ከማርቆስ የመጣ ሁሉ እንደዚሁ ነው!"